ፍርዱን የሚሰጠው ማሳው ነው

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወርደው መንገድ በጥቅምት ወር ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። አገዳው ከሰው ቁመት አልፏል፤ ዛላው መሙላት ስለጀመረ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ይጠብቃሉ። ማሳው ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ገባ ብሎ ላየው ግን ነጩ ከቀዩ፣ ዛላው እጭቅ ያለው ዛላው ከተበተነው፣ ቶሎ ደራሹ ከዘግይቶ ደራሹ ጋር ተደባልቆ ቆሟል። የወሎ ገበሬ እንዲህ ቀላቅሎ ከሚዘራቸው ማሽላዎች አንዱ ለጎተራ የታሰበ አይደለም። ወተት በጉንጬ ይባላል። ፍሬው ከወተትነት አልፎ ወደ ሊጥነት ሲጠጋ ዛላው ይቆረጥና በእሳት ይጠበሳል፤ ትኩሱን በመዳፍ አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው ይበሉታል። የእሸቱ ጣዕም ከሌሎቹ ይለያል። ያው ዛላ ሳይቆረጥ ቀርቶ ከደረቀ ግን ፍሬው ይጨማደዳል፣ ክብደቱ ይቀላል፤ ውስጡ ለስላሳና ዱቄታማ ስለሆነም ለነቀዝና ለሻጋታ ይመቻል። እህል በኩንታል መዝኖ ለሚገዛ ሰው ይህ የተበላሸ ማሽላ ነው።

የሳይንሱ ዓለም ይህን ማሽላ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከመላው ዓለም ከተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ በምግብነቱ የላቀውን ይፈልጉ ነበር። ማሽላ የሚሊዮኖች ዋና እህል ቢሆንም ፕሮቲኑ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ላይሲንን የሰው አካል ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግቡ በበቂ ያላገኘ ልጅ እድገቱ ይጓተታል። በተለመደው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ ክምችት መካከል ከ3 ግራም በላይ ይዘው ጎልተው የወጡት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ሁለቱም የተሰበሰቡት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነበር። የልዩነቱ ምንጭ አንድ የተለወጠ ጂን ሆኖ ተገኘ። ይህ ጂን ሲለወጥ ፍሬው ካፊሪን የተባለውንና ላይሲን የሌለው ያህል የሆነውን የክምችት ፕሮቲን መሥራት ይቀንሳል፤ በዚህም ላይሲን ያላቸው የሌሎቹ ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ ይላል። በአንጻሩ ፍሬው በደንብ ሳይሞላ ስለሚቀር ሲደርቅ ይጨማደዳል።

እንግዲህ ፍሬውን የሚያጨማድደውም ምግቡን የሚያዳብረውም አንድ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ ጎጂ ነው ወይስ ጠቃሚ? ስለ ሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረመል ጽሑፍ ላይ ስለሚደርስ ለውጥ፣ የሚነሳው የቆየ ጥያቄ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሚውቴሽን ሲባል በሽታና የአካል ጉዳት ይታየዋል፤ ሌላው ደግሞ ሕይወት የተሻሻለበት መንገድ እርሱ ነው ብሎ ያወድሰዋል። ሁለቱም ጎጂነትንና ጠቃሚነትን የለውጡ የራሱ ባሕርይ አድርገው መውሰዳቸው ግን ያሳስታል። አንድ ለውጥ ምን እንደሚሠራ በላቦራቶሪ ሊነገር ይችላል። መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን የሚወስነው ግን ለውጡ ያረፈበት ቦታ፣ ጊዜና በዙሪያው ያሉት ሌሎች ፍጥረታት ናቸው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው አገር ለዚህ በቂ ማስረጃ ይዟል።

በቅድሚያ ግን የሚውቴሽን መጥፎ ስም ከየት እንደመጣ በሐቅ ማየት ያስፈልጋል። ሴል ሲከፈል ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይለወጣል፣ ይጎድላል ወይም ይደገማል። ጨረርና አንዳንድ ኬሚካሎችም ይህን ያባብሳሉ። እያንዳንዱ ሕፃን ከእናቱም ከአባቱም ያልወረሳቸው ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ ምንም አይሠሩም፤ ከሰው ዲኤንኤ ውስጥ ፕሮቲን ለመሥራት በቀጥታ የሚያገለግለው ከመቶ 2 እጅ እንኳ አይሞላምና። አንዳች ነገር ከሚሠሩት መካከል ደግሞ የሚጎዱት ከሚጠቅሙት እጅግ ይበዛሉ። ለረጅም ዘመን ተስተካክሎ በሚሠራ አካል ላይ በዘፈቀደ የመጣ ለውጥ ከማሻሻል ይልቅ ማበላሸቱ የሚጠበቅ ነው። ለውጡ ፍጡሩ ስለፈለገው አይመጣም። ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 በባክቴሪያ ላይ ባደረጉት ሙከራ እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያን ከቫይረስ የሚያድነው ለውጥ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በአንዳንዶቹ ላይ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። አደጋው ለውጡን አልፈጠረውም፤ ቀድሞ የነበረውን ለይቶ አተረፈው እንጂ። ስለዚህ ሚውቴሽን በአብዛኛው ወይ ከንቱ ወይ ጎጂ ነው የሚለው ሰው አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ነገሩን እዚያ ላይ ሲዘጋው ነው።

ለዚህ ማሽላ ራሱ ምስክር ነው። የዱር ማሽላ ፍሬው ሲደርስ ረግፎ መሬት ላይ ይበተናል፤ ዘሩ የሚቀጥለው በዚህ ነው። ከ5,000 ዓመታት በፊት ገደማ ማሽላ በምሥራቅ ሱዳን አካባቢ ወደ እርሻ ሲገባ ያጨደው ሰው ሳያውቀው የመረጠው የማይረግፈውን ነው፤ የረገፈው መሬት ላይ ሲቀር ወደ ቤት የገባው፣ በተከታዩ ዓመትም የተዘራው ዛላው ላይ የቀረው ፍሬ ነበርና። ፍሬ እንዳይረግፍ የሚያደርገው የጂን ለውጥ በዱር ውስጥ ዘር የሚያጠፋ ጉድለት ነው። ማጭድ የያዘ እጅ ባለበት ግን የእህል ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። አንዳንዱ «ይህማ የሰው እርዳታ እንጂ እውነተኛ ህልውና አይደለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ለማሽላው ገበሬው ከአካባቢው ውጭ የቆመ አይደለም። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ወፉና የሰው ምርጫ በአንድነት አካባቢው ናቸው። የሰው ድጋፍ ያለበት ህልውና ህልውና ካልሆነ ስንዴም፣ ጤፍም፣ በሬም በሕይወት አሉ ልንል አንችልም።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ ሲወጣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,400 ሜትርን ያልፋል። በጦሳ ተራራ ትከሻና በኩታበር በኩል ደግሞ ብርዱ ይበረታል፤ ማሽላ ቀርቶ ገብስ ይመጣል። የኢትዮጵያ የደጋ ገብስ ታሪክ ከማሽላው ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማል። ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የሚነጠፍ የሻጋታ በሽታ የአውሮፓን ገብስ ሲያስቸግር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1942 የጀርመን ሳይንቲስቶች ገብስን በኤክስሬይ በመምታት በሽታውን የሚቋቋም ተክል አገኙ፤ ኤምኤልኦ የተባለው ጂን ሥራውን ማቆሙ ነበር ምክንያቱ። ተመሳሳይ መዘዝ ያለው ለውጥ ግን ያለ ኤክስሬይ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የገበሬ ገብስ ውስጥም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህ የኢትዮጵያ ለውጥ የተፈጠረው ገብስ ወደ እርሻ ከገባ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአውሮፓ የተለቀቁ በርካታ የበልግ ገብሶች ይህንኑ ለውጥ ይዘዋል፤ ሌሎች የመከላከያ ጂኖች በጥቂት ዓመታት በሻጋታው ሲሸነፉ እርሱ ለአሥርት ዓመታት ጸንቷል። ነፃ ግን አይደለም። ሥራ ያቆመው ጂን በሽታ ሳይኖር ቅጠሉ ላይ የሞቱ ጠቃጠቆዎችን ሊያወጣ፣ ምርትን ሊቀንስና ተክሉን ለሌሎች ፈንገሶች ሊያጋልጥ ይችላል። ሻጋታው በሌለበት አገር ይህ ለውጥ ኪሳራ ብቻ ነው፤ ሻጋታው በሚበረታበት ደግሞ ሰብል ያድናል።

ወደ ቆላው ስንመለስ አቀንጭራ አለ። አበባው ሮዝ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው፤ ሥሩ ግን በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃና ምግብ ይመጠምጠዋል። ገበሬው አቀንጭራውን ሲያየው ጉዳቱ ከአፈር በታች ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይረጫል፤ ዘሩም ለብዙ ዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ማሽላው ይህን ኬሚካል የሚያመነጨው ለጠላቱ ብሎ አይደለም፤ በተለይ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ አጋዥ ፈንገሶችን ወደ ሥሩ ለመጥራት ነው። አቀንጭራው ጥሪውን ጠልፎ ይጠቀምበታል። የደካማ አፈር ገበሬ በአቀንጭራ ይበልጥ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር መልስ ከሰጡት መካከል ትውልዳቸው ምዕራብ ሸዋ የሆነው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይገኙበታል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ከዚህ ሥራ የተገኙ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ ዝርያዎች በኢትዮጵያም ተለቀዋል። የመቋቋማቸው ምስጢር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲገለጥ ነገሩ እንደገና የጎደለ ጂን ሆነ። ኤልጂኤስ1 የተባለው ጂን በሚቋቋሙት ማሽላዎች ውስጥ ወይ ጠፍቷል ወይ አይሠራም። በዚህ የተነሳ ሥሩ የሚለቀው ኬሚካል ዓይነቱ ይቀየራል፤ አጋዥ ፈንገሶች ይሰሙታል፣ የአቀንጭራ ዘር ግን በደንብ አይነቃለትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በአፍሪካ የገበሬ ማሽላዎችን መርምሮ፣ ይህ ለውጥ ይበልጥ የሚገኘው አቀንጭራ በሚበዛባቸው አካባቢዎች መሆኑንና ጥገኛው በሌለበት ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አመለከተ። ዋጋ ባይኖረው ኖሮ በሁሉም ስፍራ በተስፋፋ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ የተሰበሩ ጂኖች ናቸው፤ መሰበር አንዳንዴ ቢጠቅምም ከመሰበር አዲስ ነገር አይገኝም፤ ስለዚህ ሚውቴሽን ያለውን ያጠፋ እንደሆነ እንጂ ምንም አይጨምርም የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ጂን መስበር ቀላል፣ ማሻሻል አስቸጋሪ ስለሆነ ፈተና ሲመጣ ቶሎ ብቅ የሚሉት መፍትሔዎች ብዙ ጊዜ ስብራቶች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም አይደሉም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሰኞ ገበያ ባቲ የደረሰ ሰው ግመል ነድተው የመጡ አፋሮችን ያገኛል። የአርብቶ አደሩ ኑሮ ወተት ነው። በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ዘንድ ልማዱ ግን ሌላ ነው፤ የወተትን ስኳር የሚያፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ጡት ከተጣለ በኋላ ይቀንሳል፣ ወተትም ለአዋቂው ሆድ ይከብዳል። በአንዳንድ ሕዝቦች ግን ከጂኑ አጠገብ፣ ሥራውን በሚቆጣጠረው ክፍል ላይ የደረሰ የአንድ ፊደል ለውጥ ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ እንዲሠራ አድርጓል። ይህ ያልነበረን ችሎታ የጨመረ ለውጥ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚታወቀው አንድ ዓይነት ሲሆን በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ያገኙት ግን ከአንድ በላይ ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተነሱ የተለያዩ ለውጦች እዚሁ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለአንድ ጥያቄ ደጋግሞ መልስ መገኘቱ ጠቃሚ ለውጥ ብርቅ ቢሆንም የማይታመን ተአምር እንዳልሆነ ያሳያል። ላም ወይም ግመል በሌለው ሕዝብ መካከል ያው ለውጥ ቢነሳ ኖሮ ማንም ሳያውቀው በመጣበት ይጠፋ ነበር።

ሌላው ጥያቄ «ጠቃሚ ለማን?» የሚለው ነው። ኮምቦልቻ ወባ የሚያውቀው ከተማ ነው። ሐኪም በማይደርስበት ጤና ኬላ ወባ የሚለየው በጣት ደም በሚሠራ ፈጣን መመርመሪያ ሲሆን፣ በስፋት ሲሠራበት የቆየው ዓይነት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የሚፈልግ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከጠፋ ተውሳኩ ደም ውስጥ እያለ መመርመሪያው «ነፃ» ይላል፤ በሽተኛው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ተውሳኩም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢዎች፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ፣ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ከፋልሲፓረም ኢንፌክሽኖች ከ10 አንድ የሚጠጋው በዚህ ጉድለት ምክንያት ከመመርመሪያው ሊያመልጥ እንደሚችል ተገመተ። አገሪቱም ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልግ መመርመሪያ ለመሸጋገር ተገደደች። መመርመሪያው ባልነበረበት ዘመን ይህን ጂን ማጣት ለተውሳኩ ምንም ትርፍ አልነበረውም። ዛሬ ለእርሱ ማምለጫ፣ ለታማሚው ልጅ አደጋ ነው። አንዱን ለውጥ ሁለት ተቃራኒ ስም የሚያሰጠው ከየትኛው ወገን ሆኖ ማየቱ ነው።

በሰው በኩል ያለው ምሳሌ ደግሞ ከባድ ነው። ማጭድ መሰል የደም ሴል የሚያመጣው ለውጥ በሄሞግሎቢን ጂን ላይ የአንዲት ፊደል መቀየር ነው። አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይሠቃያል። ወባ በሚበረታባቸው የአፍሪካ ቆላዎች ለውጡ የተስፋፋው ለዚህ ነው፤ ወባ በማይደርስበት የኢትዮጵያ ደጋ ግን እምብዛም አይገኝም። «ለሕዝቡ ጠቅሟል» የሚለው አረፍተ ነገር ሳይንሳዊ እውነት ቢሆንም ለታመመው ልጅና ለእናቱ መጽናኛ አይሆንም። ከዚህ ተነስቶ አንዳንዱ «ሚውቴሽን ሊጠቅም የሚችል ከሆነ ጨረርም፣ መርዝም፣ በሽታም ሥራቸውን ይሥሩ» እስከሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ተፈጥሮ ጎጂውን ከጠቃሚው የምትለየው በሞትና በመካንነት ነው፤ ለአንድ ጠቃሚ ለውጥ ብዙ ጎጂ ለውጦች ይከፈላሉ። ተክል አዳቃይ ሺህ ችግኝ በጨረር መትቶ አንዱን ሊያስቀር ይችላል፤ በሰው ልጅ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚቀበል ሕሊና ሊኖር አይገባም። በሽተኛን ማከም፣ ሕፃናትን ከጨረርና ከመርዝ መጠበቅ ከዚህ ሁሉ እውቀት ጋር ፈጽሞ አይጋጭም።

ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ከወተት በጉንጬ ጋር ያለው ነው። ሳይንቲስቶች የእርሱን የተለወጠ ጂን ብዙ ምርት ወደሚሰጡ ማሽላዎች ለማስገባት ደክመዋል፤ ለስላሳው ዱቄታማ ፍሬ ግን ለሰፊ እርሻ እንቅፋት ሆነ። ገበሬው በበኩሉ ይህን ችግር ቀድሞ በራሱ መንገድ ፈቶታል። ማሽላውን ለኩንታል አልዘራውም፤ ነቀዝና ሻጋታ ከመምጣታቸው በፊት፣ በእሸትነቱ በላው። ማሳውን ሙሉ አልሰጠውም፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ድርሻውን ለካለት። ጉዳቱን በዘዴ አስቀርቶ ጥቅሙን ወሰደ። የላይሲንን ስም አላወቀም፤ ለልጆቹ የሚጣፍጠውንና የሚስማማውን ግን ለይቶ አውቋል፤ በየዓመቱም ዘሩን መርጦ አስቀምጧል። ተፈጥሮ በሞት የምትሠራውን ምርጫ ገበሬው ማንንም ሳይገድል ሠርቶታል።

ይህ እንክብካቤ ግን ሊቋረጥ ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ ውስጥ ለዘር የተቀመጠ እህል ተበልቷል፤ ሰው እየሞተ ዘር ቁጠባ የለምና። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእጽዋት ዘረመል ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ የገበሬውን ዘር ሰብስቦ በቅዝቃዜ ከማኖር አልፎ ወደ ማሳው መለሰው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የዘር ለህልውና ፕሮግራም በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ነባር ዝርያቸውን እየመረጡ እንዲያሻሽሉ አግዟል፤ ዶክተር መላኩም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ከመጥፋት ይድናል፤ አዲስ ለውጥ የሚነሳው፣ አዲስ በሽታና ድርቅ የሚፈትነው ግን ማሳ ላይ ያለው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በዚህ ምክንያት «ምርጥ ዘር» በአንድ ማሳ ላይ ሁሉንም እንዲተካ የሚገፋ የግብርና ምክር ጥንቃቄ ይጎድለዋል። የተሻሻለ ዝርያ አይምጣ ማለት አይደለም፤ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላ ስንት ቤተሰብ እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው። ግን ያ ዝርያ ራሱ የተሠራው አንድ ወቅት ላይ ጉድለት ብቻ ይመስል ከነበረ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢትዮጵያን ገብስ የሰበሰበ ሰው የአውሮፓን ሰብል የሚያድን ጂን በእጁ እንደያዘ አላወቀም። የነገው ድርቅ፣ የነገው ዋግ፣ የነገው ተባይ የትኛውን የተናቀ ዛላ እንደሚያስከብር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ፍርዱ ያልተሰጠበትን ለውጥ አስቀድሞ «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል የነገን መልስ ሳያዩ መጣል ነው። ስለዚህ የገበሬውን ድብልቅ ማሳ ኋላቀርነት ብሎ መንቀፍ ይቅር፤ ነባር ዘሩን አብሮ ለሚያቆይ ገበሬ ድጋፍ ይሰጠው፤ ከወሎ ማሳ ወጥቶ ለዓለም በተረፈው ነገር ላይም የወሎ ገበሬ ስም አብሮ ይጻፍ።